በቃሬዛ የሄደው ቴምር

ሸጌ ከኮረም አልፋ የሄደችበት አገር የለም። ኮረምም ቢሆን የሄደችው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ለአክስቷ ለቅሶ፣ አንዴ ለዓይኗ ሕክምና። ይሁን እንጂ ሰቆጣ ውስጥ ከመናኸሪያው በላይ ባለው ሰፈር የልብስ ሰፊው የፋንታሁን ቤት የት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ዘንባባ ቤት» ነው የሚባለው። የአባወራውን ስም የዋጠ ግቢ በከተማው ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ፋንታሁን ራሱ ይስቅበታል። «ሠላሳ ስምንት ዓመት ከመቀስ ጋር ተቀምጬ ስሜን ቅጠል ወሰደው» ይላል ለደንበኞቹ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ። ቅጠሉን የተከለችው ሚስቱ ሸጌ መሆኗን ግን ሳይጠየቅ ይናገራል።

ሸጌ የተወለደችው ቆላ፣ አበርገሌ ውስጥ፣ ወደ ተከዜ ከሚወርዱት ወንዞች ባንዱ ዳር ነው። እናቷ ለተሥላሴ ሰሌን ሠሪ ነበረች። በበጋ ወንዙ ሲጎድል እናትና ልጅ ሸለቆው ውስጥ ገብተው የዘንባባ ዝንጣፊ ይቆርጣሉ፤ ያደርቁታል፤ ይሰነጥቁታል፤ ከዚያ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ሰሌን ይታታሉ። ለተሥላሴ ማጭድ ለልጇ ስትሰጥ ሁልጊዜ አንድ ነገር ታስጠነቅቅ ነበር። «ሌላው ዛፍ ቢቆርጡት ከጎኑ ያቆጠቁጣል። ዘንባባ ግን ልቡ አንድ ነው። ልቡን ከነካሽው ያ ግንድ አለቀለት። ከዳር ከዳሩ ብቻ ቁረጪ።» ይህን የምትለው በኽምጠኛ ነበር። ሸጌ ዛሬም ተክሎቿን የምታናግረው በዚያው በእናቷ ቋንቋ ነው።

በአሥራ ስምንት ዓመቷ ለፋንታሁን ተድራ ደጋ ስትወጣ፣ ከጥሎሽ ልብሷ ጋር ከዘንባባው እግር ያቆጠቆጡ ሦስት ቡቃያዎች በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛ መጣች። ሁለቱን የሰቆጣ ብርድ ገደላቸው። ሦስተኛውን ከቤቱ በስተጀርባ የጠዋት ፀሐይ የሚመታው የድንጋይ ግድግዳ ሥር አዛውራ ተከለችው። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ለተክሉ ይመልስለት ነበርና እሱ ጸደቀ። ከስድስት ዓመት በኋላ በሆሳዕና ዋዜማ የሰፈሩ ሰው በሯ ላይ ተሰልፎ «እቴ ሸጌ፣ አንዳንድ ዘለላ» ይል ጀመር። ቀድሞ ዘንባባ ፍለጋ ዲያቆናት ሸለቆ ይወርዱ ነበር። አሁን የሷን በር ያንኳኳሉ።

እስከዚያ ድረስ የነበራት አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ነገሩን የለወጠችው ጎረቤቷ አምሳለ ናት።

አምሳለ ሳዑዲ አራት ዓመት ሠርታ፣ ብዙዎች ባንድ ላይ በተመለሱበት ጊዜ ተመለሰች። ሰው የጠበቀው ወርቅና የሞላ ሻንጣ ነበር። እሷ ግን ይዛ የገባችው አንዲት ትንሽ ቦርሳ ነው። ከቤት አትወጣም፤ ሰውም ቀና ብላ አታይም። ሸጌ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ ልትል ስትሄድ አምሳለ የምታቀርበው ነገር ቸገራትና ከቦርሳዋ አንድ ቆርቆሮ ቴምር አወጣች።

«ይኸው ነው ያመጣሁት» አለች፣ አንገቷን እንደደፋች።

ሸጌ በላች። ፍሬውን እየበላች ዘሩን በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥር ጀመር።

«ምን ያደርግልሻል እቴ ሸጌ?»

«ዘር አይደለም እንዴ! ዘር ይጣላል?»

አምሳለ ሳቀች። ከተመለሰች ወዲህ ስትስቅ ያየቻት የመጀመሪያዋ ሰው ሸጌ ናት። ከዚያ ሳትጠየቅ መናገር ጀመረች። የሠራችበት ቤት ቅጥሩ ሙሉ ቴምር ነበር። ማለዳ ማለዳ ውሃ የምታጠጣው እሷ ናት። ውሃው በእግሩ እንጂ በልቡ እንደማይፈስስ፣ ዘሩ ከመተከሉ በፊት ውሃው በየቀኑ እየተለወጠ ሳምንት እንደሚዘፈዘፍ ነገረቻት። ሸጌ ከቤቷ ስትወጣ አምሳለ አብራት ወጣች፤ ዘሩን ሁለቱ ባንድ ባልዲ ዘፈዘፉት። ሰባት በቀሉ። አንደኛው ከሁሉ ቀደመ። እሱን ሸጌ ከግቢዋ ፊት ለፊት፣ ከአጥሩ ሥር ተከለችው።

ከዚያ ወዲያ ከሰቆጣ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ሁሉ የሸጌን አደራ ይዞ መሄድ ያዘ። «ልብስ አላልኩህም፤ የዘንባባ ፍሬ ካየህ አንስተህ ና» ትላለች። ከባሕር ዳር መንገድ ዳር የተለቀመ መጣላት። ቅጠሉ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ ጫፉ ላይ ነጭ ክር የሚያንጠለጥለውም መጣ። ምሳው የሚባል ወታደር ከጋምቤላ የሰው ራስ የሚያህል ፍሬ በጆንያ አመጣላት። እሱን በርሜል ውስጥ ቀበረችው። ዓመት አለፈ፤ ምንም የለም። ፋንታሁን በርሜሉን ለውሃ ፈለገው።

«ሞቷል እኮ፣ ሸጌ።»

«ሞቶ እንደሆን ልየዋ» ብላ በጎን በኩል ስትቆፍረው፣ ለካ ተክሉ ወደ ላይ ከመውጣቱ በፊት ጣት የሚያህል ሥር ወደ ታች ልኮ የበርሜሉን ታች ነክቷል። ፋንታሁን ይህን ዓይቶ በማግስቱ ሌላ በርሜል ገዝቶ ገባ።

ኮኮናት ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ሦስቱንም ጊዜ ብርዱ በላባት። ሲጠይቋት አትደብቅም። «ኮኮናት አልቻልኩም» ትላለች፣ ሌላውን እንደቻለች ሁሉም ስለሚያውቅ።

የጭነት መኪና ሾፌሩ ጓንጉል ደግሞ ከአዲስ አበባ ችግኝ ሻጮች፣ በዘይት ቆርቆሮ የተተከለ፣ አጭር ወፍራም ግንድ ያለውና ቅጠሉ እንደ መርፌ የሚወጋ ተክል አመጣላት። «ሳይካስ ይሉታል» አላት። ሸጌ ዘንባባ መስሏት ከዘንባባዎቹ መሐል አቆመችው። አንድ ቀን ከግብርና የመጣ ባለሙያ ግቢውን ሲጎበኝ እሱ ጋ ቆመና «ይሄ እንኳ ዘንባባ አይደለም» አላት። ፊቷ ቀላ። የሰሌን ሠሪ ልጅ ሆና በዘንባባ ነገር ማንም አርሟት አያውቅም።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«መልኩ ነው እንጂ ዘመድ አይደሉም። ይሄ ከዘንባባም በፊት የነበረ ነው። አበባ የሚባል ነገር ምድር ላይ ሳይኖር እሱ ነበረ።»

ሸጌ ተክሉን ደግማ አየችው። ሰውዬው ሲወጣ ፋንታሁንን ጠርታ «ሰማኸው? ከሁሉም የሚቀድመው እኛ ቤት ነው ያለው» አለችው። ያን ሰሞን ያላወራችው ሰው የለም። ጓንጉልም ነገሩ ደስ ብሎት በሌላ ጉዞው ከሐዋሳ ሌላ ዓይነት ሳይካስ፣ ቅጠሉ እሾሃምና ሰማያዊ የሚመስለውን አመጣላት።

ጦርነቱ የመጣ ጊዜ ባልና ሚስት እንደ ሰው ሁሉ ሸሹ። ከወራት በኋላ ሲመለሱ በየባልዲው የነበረው ሁሉ ደርቆ ነበር፤ መሬት የያዘው ግን ቆሞ ጠበቃቸው። ሸጌ የሞቱትን ቆጥራ አላለቀሰችም። ባዶውን ባልዲ አጥባ እንደገና ዘር መዘፍዘፍ ጀመረች። ባሁኑ ጊዜ ግቢዋ ውስጥ አሥራ አንድ ዓይነት ዘንባባና ሁለት ዓይነት ሳይካስ አለ።

መንገዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በጥር ወር አንድ ማለዳ ኪዳኑ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ከማዘጋጃ ቤት መጥቶ በሯን አንኳኳ። የሰፈሩ መንገድ ሊሰፋ ነው። ትሑት ልጅ ነበር፤ ባርኔጣውን አውልቆ ነው ያናገራት።

«እናቴ፣ መስመሩ በዚህ ያልፋል።»

«በየት?»

«በዚህ» አለና በእግሩ መሬቱ ላይ አሰመረ። መስመሩ የአምሳለን ቴምር ለሁለት ከፈለው። መጀመሪያ የመጣው ትልቁ ሳይካስም ከመንገዱ ወገን ቀረ።

ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። አቤት በዪ፣ ሽማግሌ ላኪ፣ አልቅሺ አሏት። ሸጌ ግን እንዲህ አለች፦ «ባለፈው ክረምት ምጥ የያዛት ልጅ በዚህ ጭቃ በቃሬዛ ስትወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። መንገዱ ይሠራ። ቴምሩ ግን አይቆረጥም።»

«ታዲያ ምን ይሁን?» አላት ኪዳኑ።

«ይሄዳል።»

«ዘንባባ ተነቅሎ ይጸድቃል እንዴ?»

እውነቱን ለመናገር አታውቅም ነበር። ይህን ያህል ያደገ ነቅላ አታውቅም። «እስከ ሰኔ አጋማሽ ስጡኝ» ብቻ አለችው።

«እኛ እዚህ የምንደርሰው ግንቦት ነው፣ እናቴ።»

«እንግዲያ ከታች ጀምራችሁ ወደ እኔ ውጡ። በሰኔ ትደርሳላችሁ።»

ኪዳኑ ሳቀ። ሥራው ግን በእርግጥም ከታች ተጀመረ።

ሸጌ በመጋቢት ከቴምሩ ዙሪያ ግማሹን ብቻ፣ ከግንዱ አንድ ክንድ ርቃ ቆፈረች። በጉድጓዱ ውስጥ የበሰበሰ ፍግና የደረቀ ቅጠል ሞላችበትና በየሁለት ቀኑ ታጠጣው ጀመር። ሌላውን ግማሽ ከፋሲካ በኋላ ቆፈረች። እንዲህ ያለ ዘዴ ማንም አላስተማራትም። ሰውን ባንድ ቀን ከሁሉ ዘመዱ ብትቆርጠው ይሞታል፤ ዛፍም እንደዚያው መሆን አለበት ብላ ነው። በግንቦት አንድ ጠዋት ጣቷን ፍጉ ውስጥ አስገብታ ስትዳስስ ነጫጭ አዳዲስ ሥሮች አገኘች። ከመሬቱ ተንበርክካ ሳትነሣ ብዙ ቆየች። ፋንታሁን ወድቃ መስሎት ሮጦ መጣ።

ቀሪው ችግር ቦታ ነበር። የቤቱ ጀርባ ሞልቷል። የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ መሪጌታ ወንዳወቅ ይህን ሰሙና በዘንጋቸው እየተመረኮዙ መጡ።

«ሸጌ፣ ስንት ዓመት ዘንባባሽን በላን። እኛ ጋ ከደጀ ሰላሙ ጎን ባዶ መሬት አለ።»

«ይሁን የኔታ። ግን ስተክለው እኔ ያልኩት ይደረጋል።»

«እሺ» አሉ መሪጌታ።

ሰኔ አሥራ አራት የገበያ ቀን ነበር። ሠፈሩ በመንገዱ ሥራ ተቆፋፍሮ መኪና አይገባም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወጣውም የእግር መንገድ ነው። የእድሩ ቃሬዛ ስለማይችለው ሁለት ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንዶች በመጫኛ አቆራኝተው ሌላ ሠሩ። የቴምሩ ሥር ከነአፈሩ በጆንያ ተጠቀለለ። ዝንጣፊዎቹ እንዳይሰበሩ ፋንታሁን በነጭ አቡጀዲ ጠቅልሎ ሰፋቸው። ከመነቀሉ በፊት ሸጌ ከግንዱ በስተምሥራቅ ቀይ ክር አሰረችበት። ሥራውን ከጨረሱ በኋላ ዐሥራ ስድስት ወንዶች ተሸከሙት፤ ሌሎች ዐሥር ለመቀባበል ተከተሉ። ጓንጉል ከኋላ «ቀኝ! ቀኝ! ጉድጓድ አለ!» እያለ እንደ መኪና ይመራቸዋል።

ከጋዝጊብላ ወገን ለገበያ የመጡ አንዲት አሮጊት፣ ዶሮ በብብታቸው ይዘው መንገድ ላይ አገኟቸው። ነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን አዩና ቆመው አማተቡ።

«እግዚአብሔር ይማረው! ምን አገኘው?»

ከፊት የተሸከመው ፋንታሁን ላቡን በትከሻው እየጠረገ «መንገድ አገኘው፣ እናቴ» አላቸው።

አሮጊቷ ተጠግተው የጨርቁን ጫፍ ገለጥ አደረጉ። «ቅጠል ነው እንዴ!» ተሸካሚዎቹ በሳቅ ቃሬዛውን ሊጥሉት ደረሱ። ሸጌ ግን አልሳቀችም፤ «ያዙ! ሥሩ ይናጋል!» ብላ ጮኸች፤ ያዙ። አሮጊቷ ገበያቸውን ትተው ዶሯቸውን እንደያዙ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ተከትለው ወጡ። መጨረሻውን ሳላይ አልሄድም አሉ።

ጉድጓዱ ጋ ሲደርሱ ሁሉም ዓይኑን ወደ ሸጌ አዞረ። ካህናቱም፣ የእድሩ ዳኛም፣ ሾፌሩም። ሸጌ በሕይወቷ ሙሉ ወንዶች ሲያወሩ ከዳር የምትቀመጥ ሴት ነበረች። ያን ቀን ግን እጇን አንስታ ማዘዝ ጀመረች።

«ዝቅ አታድርጉት! የድሮው አፈር ምልክት ከመሬቱ እኩል ይሁን። አሁን አዙሩት። ቀዩ ክር ወደ ምሥራቅ!»

«ለምን ወደ ምሥራቅ?» አላት አንድ ዲያቆን።

«ፊቱ ወደ ለመደው ፀሐይ እንዲዞር ነዋ። አንተስ ቤት ስትቀይር የለመድከውን ጎን አትተኛም?»

አዞሩት። ቆመ። ፋንታሁን በመቀሱ አቡጀዲውን ሲተረትረው ዝንጣፊዎቹ ቀስ እያሉ ተከፈቱ። መሪጌታ ጸሎት አደረሱበት።

ክረምቱ ግን ክፉ ነበር። በሐምሌ ዝንጣፊዎቹ ቢጫ ሆኑ፤ በነሐሴ የታችኞቹ ደረቁ። ጓንጉል አዝኖ መጣ። «እቴ ሸጌ፣ ቁርጡን እወቂ። ሞቷል።» ሸጌ ከግንዱ አናት መሐል የቆመውን፣ ገና ያልተከፈተውን ጦር መሰል ቅጠል በሁለት ጣቷ ይዛ ቀስ ብላ ሳበችው። አልወጣም። «ልቡ ቢበሰብስ ኖሮ ይህ ተነቅሎ እጄ ላይ ይቀር ነበር። ልቡ ደኅና ነው» አለችው። ከዚያም ነጭ ክር ከጦሩ ላይ፣ ሌላ ነጭ ክር ከጎኑ ካለው ዝንጣፊ ላይ እኩል አሰረች፤ ካደገ ክሮቹ ይለያያሉ ብላ። በየቀኑ ዳገቱን እየወጣች ታያቸዋለች። እኩል ናቸው። መስከረምም እኩል ናቸው።

ትልቁን ሳይካስ እሷና ፋንታሁን ራሳቸው ነቅለው በስተጀርባ በኩል በጋምቤላው ዘንባባ ጎን አስጠግተው ተክለውት ነበር። ቅጠሉን ሁሉ ስለቆረጠችው ጉቶ ብቻ ቀርቷል። በጥቅምት ባንድ ሳምንት ውስጥ፣ ከጉቶው አናት ሃያ የሚሆኑ ቅጠሎች ባንድነት ወጡ፤ እያንዳንዳቸው እንደ ሕፃን ጣት የተጠቀለሉና የለሰለሱ። ሸጌ ያን ጠዋት ፋንታሁን ሱቅ እንዳይሄድ ከለከለችው። ጎን ለጎን ቁጭ ብለው አዩት።

ኅዳር ሲገባ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ነጫጮቹ ክሮች በአራት ጣት ተለያዩ። ሸጌ ሦስት ቀን ለማንም አልተናገረችም። እየሄደች ትለካለች። በአራተኛው ቀን የመጀመሪያዋ የነገረቻት ሰው አምሳለ ነበረች። አምሳለ አሁን የራሷ ሻይ ቤት አላት። ደንበኞቿን ጥላ ተከትላት ወጣች። ክሮቹን አየች፤ በጣቷ ለካች፤ አላመነችም፤ ደግማ ለካች። ደጀ ሰላሙ ላይ የተቀመጡ ምእመናን ነበሩና ዞር ብላ ጮክ ብላ «ይህን ዘር ከሳዑዲ ያመጣሁት እኔ ነኝ!» አለች። ስለዚያ አገር ቀና ብላ ስትናገር ማንም ሰምቷት አያውቅም ነበር።

ሆሳዕና ሲደርስ መሪጌታ ከቴምሩ ጥቂት ዝንጣፊ እንዲቆረጥ ጠየቁ።

«ዘንድሮ አይሆንም፣ የኔታ። ገና በሽተኛ ነው። ከኔ ግቢ ውሰዱ።»

«በቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለ ተክል እኮ ነው፣ ልጄ።»

«ያልኩት ይደረጋል ብለው የለም እንዴ?»

መሪጌታ ዘንጋቸውን አንስተው «ብለናል» አሉና ሄዱ። ያን ዓመት ማንም አልነካውም።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ኪዳኑ እንደገና መጣ። መንገዱ አልቋል፤ ጥቁር ሆኖ ሰፍቶ ከሸጌ አጥር ሥር ያልፋል። መሐሉ ላይ ለተክል የተተወ ቀጭን መሬት አለ። ማዘጋጃ ቤቱ ዘንባባ ሊተክልበት አስቧል፤ ችግኙም ከሸጌ እንዲሆንና ተከላውን እሷ እንድትመራ ፈልጓል።

ሸጌ ከሁሉ በፊት መንገዱን ከላይ እስከ ታች በእግሯ ሄደችበት። ነፋስ የሚበዛበትን፣ ውሃ የሚቋጥረውን ለየች። ከባሕር ዳር የመጣውን ዓይነት አልፈቀደችም፤ ብርዱ ያቀጭጨዋል ብላ። የእናቷን ዘንባባ ልጆችና ቅጠሉ ማራገቢያ የሚመስለውን ባለ ነጭ ክር ዓይነት ሰጠች። በተከላው ቀን ከሠራተኞቹ ጋር ዋለች። አንዱን አጥልቀው ተክለውት አግኝታ አስነቀለችው።

«ልቡ አፈር ውስጥ ገብቷል። አውጡትና እንደገና።»

ሠራተኛው ተነጫነጨ። ኪዳኑ «እሳቸው ያሉትን አድርግ» አለው።

ወደ ማታ ኪዳኑ የሠራተኞቹን ስም የሚይዝበት ቅጽ ይዞ መጣና ከድንጋዩ ጠርዝ ላይ አብሯት ተቀመጠ። ስሟን ጻፈ። ዕድሜዋን ጠይቆ ጻፈ። ከዚያ «ሥራ» በሚለው ላይ ቆመ። መታወቂያዋን አገላብጦ አየው፤ የቤት እመቤት ይላል።

«እንደ መታወቂያው ልጻፍ፣ እናቴ?»

ሸጌ እጇ ላይ ያለውን ጭቃ በቀሚሷ ጠረገች። መንገዱን ወደ ላይ አየችው፤ ወደ ታች አየችው።

«ዘንባባ አብቃይ ብለህ ጻፍ» አለችው። እስክሪብቶው መንቀሳቀሱን እስክታይ ጠበቀችና፣ «ሳይካስም ጨምርበት» አለች።